አራስ ቤት ስትገቢ፦ ለአዲሷ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ የጉብኝት መመሪያ

ይህን የምጽፈው በቅርቡ ሠልጥነሽ ጤና ኬላ ለተመደብሽው እህቴ ነው። ከጤና ጣቢያ እየወጣችሁ ኬላዎችን የምትደግፉ ነርሶችና አዋላጆችም አንብቡት፤ ወደ መጨረሻው ለእናንተም የምለው አለኝ።

የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራሙ እ.ኤ.አ. በ2003 ሲጀመር ውጥኑ ለአንድ ቀበሌ ሁለት ሴቶች መመደብ ነበር፦ አሥረኛ ክፍል የጨረሱ፣ ከዚያው አካባቢ የተመለመሉ፣ አንድ ዓመት የሠለጠኑ፣ ከ3,000 እስከ 5,000 ሕዝብ የሚያገለግሉ። ሥልጠናው በኋላ ወደ ደረጃ 4 አድጓል፤ በ16 የተጀመሩት የአገልግሎት ፓኬጆችም ጨምረዋል። መጸዳጃ ቤት ከማስቆፈር እስከ ክትባት፣ ከወባ እስከ ቤተሰብ ዕቅድ ሁሉም ያንቺ ነው። ከዚህ ሁሉ ዛሬ አንዱን ሥራ ነጥዬ ላስረዳሽ፦ አራስንና ጨቅላን ቤታቸው ሄዶ ማየትን።

ይህን የመረጥኩት ጨቅላ ጊዜ ስለማይሰጥ ነው። ከፍ ያለ ልጅ የሳምባ ምች ሲይዘው ያስላል፣ ያተኩሰዋል፣ ያለቅሳል፤ ቤተሰቡ ያውቃል። ጨቅላ ግን ሲታመም ዝም ነው የሚለው። ጡት ይተዋል፣ ይቀዘቅዛል፣ እንቅልፍ ያበዛል። ቤተሰቡም «እንዴት ያለ ጸባየኛ ልጅ ነው፣ አያለቅስም» ይላል።

ሌላም ምክንያት አለ። አራስ ቤት ገብተሽ «ሕፃኑ እንዴት ነው?» ስትዪ የምታገኚው መልስ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ደህና ነው፣ ተመስገን።» ይህ የሰላምታ መልስ ነው። ማንም ሊዋሽሽ ፈልጎ አይደለም፤ እንግዳ ሲጠይቅ እንዲህ ይባላል፣ አንቺም እናትሽ ቤት ስትጠየቂ እንዲሁ ትመልሻለሽ። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ «ተመስገን»ን በአክብሮት ተቀብለሽ፣ ከዚያ በዓይንሽ እንድታዪ፣ በእጅሽ እንድትለኪ ነው።

1. ቀኑን በትክክል ቁጠሪ

ጉብኝቱ የሚደረገው በመጀመሪያው 24 ሰዓት ውስጥ፣ በ3ኛው ቀን፣ በ7ኛው ቀንና በ6ኛው ሳምንት ነው። ጤና ጣቢያ የወለደች እናት የመጀመሪያውን 24 ሰዓት እዚያው ልታሳልፍ ስለሚገባ ያንቺ የመጀመሪያ ጉብኝት 3ኛው ቀን ላይ ይውላል። ቤቷ ከወለደች ግን የሰማሽበት ሰዓት የመነሻሽ ሰዓት ነው፤ ነገ አትበዪ።

ቀን ስትቆጥሪ የምትሳሳቺበት ቦታ አለ። «ለማክሰኞ አጥቢያ ወለደች» ካሉሽ ሰኞ አምሽቶ ለማክሰኞ በሚያነጋው ሌሊት ማለታቸው ነው። «ማክሰኞ ሌሊት» ካሉሽ ግን ሁለቱንም ሊሆን ይችላልና «ማክሰኞ ሊነጋ ነው ወይስ ማክሰኞ ከመሸ በኋላ?» ብለሽ አጣሪ። ካልገባሽም «ዶሮ ሳይጮኽ ነው ከጮኸ በኋላ?» ብለሽ ጀምሪ። የአንድ ሌሊት ስሕተት 3ኛውን ቀን 4ኛ ያደርግብሻል።

መውለዷን ለመስማት እልልታ አትጠብቂ። የነፍሰ ጡሮችን መዝገብ በየወሩ መጀመሪያ ገልጠሽ በዚያ ወር የሚወልዱትን በአንድ ወረቀት ጻፊና ለየጎጡ የልማት ቡድን መሪዎች ስም በስም ንገሪያቸው። ከጤና ጣቢያዋ አዋላጅ ጋርም ስልክ ተለዋወጪ፤ እናት ስትሸኝ «ዛሬ ወደ አንቺ እየመጣች ነው» የምትል አንዲት ጥሪ ብዙ ነገር ታድናለች።

2. ቦርሳሽን ማታ አዘጋጂ

ሚዛን፣ ቴርሞሜትር፣ ሰዓት ወይም ታይመር፣ የደም ግፊት መለኪያ፣ የክንድ መለኪያ፣ ቻርት ቡክሌት (የምርመራና ሕክምና መመሪያ መጽሐፍሽ)፣ የሪፈር ወረቀት (ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል መላኪያ)፣ አይረን ፎሌት (ለእናቲቱ የደም ማነስ መከላከያ)፣ ኬላው ውስጥ ያለው የጨቅላ መድኃኒት፣ ሳሙናና ንጹሕ ጨርቅ። የቴርሞሜትሩን ባትሪ ኬላው ውስጥ ሞክሪው። ሁለት ሰዓት ዳገት ወጥተሽ ባትሪው መሞቱን እዚያ ማወቅ እንደሚያሳዝን አይቼዋለሁ።

3. ደጃፍ ላይ

በክርስቲያን ቤት «እንኳን ማርያም ማረችሽ»፣ በሙስሊም ቤት «እንኳን አላህ በሰላም አገላገለሽ» ብለሽ ግቢ። ሕፃኑን ለማድነቅ አትቸኩዪ። «ሲያምር! ሲወፍር!» የሚል እንግዳ አፍ ያስፈራል፤ ማድነቅ ካለብሽ «ማርያም ትጠብቀው» ወይም «ማሻ አላህ» አስቀድሚ። ይህን ያልኩሽ ለወግ ብቻ አይደለም። ዓይን ትጥላለች ተብላ የተፈራች ሴት ልጁን ግለጡልኝ ብትል ማንም አይገልጥላትም።

ከዚያ ውሃ አስፈስሺና እጅሽን በሳሙና ሁሉም እያዩሽ ታጠቢ። «እጃችሁን ታጠቡ» የሚለውን ትምህርት በቃል ከማስተማር ይህ ይበልጣል። አማቲቱ ወይም የእናቲቱ እናት ካሉ ቀድመሽ እሳቸውን አናግሪ፦ «እማማ፣ እርስዎ ስንት አሳድገዋል፤ ዛሬ አብረን እንየው።» በአራስ ቤት ገንፎ የሚያገነፋው፣ መጋረጃውን የሚዘጋው፣ ሕፃኑን የሚያጥበው እሳቸው ናቸው። እሳቸውን ያላሳመንሽው ነገር ዞር ስትዪ ይቀራል።

4. መጀመሪያ ሕፃኑ ተኝቷል ወይስ ነቅቷል?

ሥልጠና ላይ ቅጹ ከላይ ወደ ታች ነበር። ቤት ውስጥ ግን ቅደም ተከተሉን የሚወስነው ሕፃኑ ነው። ተኝቶ ወይም ረጋ ብሎ ካገኘሽው ሳትነኪው ትንፋሹን ቁጠሪ። ነቅቶ ጡት የሚፈልግ ከሆነ አጠባቡን እዪ። ሙቀትና ክብደት የመጨረሻ ናቸው፤ ማስገለጥና ማስለቀስ ስላለባቸው። ያለቀሰ ሕፃን ትንፋሽ አይቆጠርም።

5. ትንፋሽ መቁጠር

እዚህ ላይ ቀስ ብዬ ላስረዳሽ፤ ከሁሉም በላይ የሚበላሸው ይህ ነው።

እናቲቱ ሕፃኑን ታቅፋው እንዳለ ጋቢውንና ልብሱን እስከ ሆዱ ትግለጥልሽ። ቤቱ ጨለማ ከሆነ፣ ብዙ ጊዜም ምች እንዳያገኛቸው ተብሎ ይዘጋል፣ የስልክሽን መብራት ወደ ሆዱ ከጎን አብሪ፤ ዓይኑ ላይ አታብሪበት። የጨቅላ ትንፋሽ ጎልቶ የሚታየው ሆዱ ላይ ነው። ሆዱ ከፍ ብሎ ዝቅ ሲል አንድ ነው። በአፍሽ አትቁጠሪ፤ በየአሥሩ አንድ ጣት እያጠፍሽ በልብሽ ቁጠሪ። ሰው እንዳያናግርሽም «አንዲት ደቂቃ ዝም በሉልኝ» ብለሽ አስቀድመሽ ለምኚ።

ሙሉ 60 ሰከንድ ቁጠሪ። ግማሽ ደቂቃ ቆጥሮ በሁለት ማባዛት ለትልቅ ሰው ይሆን ይሆናል፤ ጨቅላ ግን እኩል አይተነፍስም። ለጥቂት ሰከንድ ይፈጥናል፣ ለጥቂት ሰከንድ ያቆማል፣ እንደገና ይፈጥናል። ግማሹን ብቻ ካየሽ ያየሽው ያረፈበትን ሊሆን ይችላል።

ይህን የማውቀው ስለደረሰብኝ ነው። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት አንድ የ3 ቀን ሕፃን ለ30 ሰከንድ ቆጥሬ 27 አገኘሁ፤ 54 ብዬ ጻፍኩ። ዝናብ እየመጣ ነበር፣ ቸኩዬ ነበር። «ይጠባል?» አልኳቸው፤ «ተመስገን» አሉኝ፤ ወጣሁ። በሁለተኛው ቀን እናቲቱ ራሷ ይዛው ኬላ መጣች። እግሩ ቀዝቅዟል፣ ጡት ሲሰጡት አፉን አይከፍትም፣ ትንፋሹን ሙሉ ደቂቃ ስቆጥረው 72 ነበር። ሪፈር ተባለ፣ ሆስፒታል ቆይቶ ድኖ ተመለሰ፤ ዛሬ ትምህርት ቤት ገብቷል። ማህደሩ ላይ ያለው 54 ግን በእኔ እጅ ጽሑፍ እንደተጻፈ አለ። ከዚያ ወዲህ ደቂቃውን አሳጥሬ አላውቅም።

60 ወይም ከዚያ በላይ ካገኘሽ ትንሽ ቆይተሽ ድገሚው። ሁለተኛውም 60 ወይም በላይ ከሆነ ፈጣን ትንፋሽ ነው። (ይህ ቁጥር ከ2 ወር በታች ላሉት ነው። ከ2 ወር እስከ 12 ወር 50፣ ከ12 ወር እስከ 5 ዓመት 40 መሆኑን አታደበላልቂ።) እየቆጠርሽ ሳለ የታችኛው ደረቱንም እዪ፤ አየር ሲስብ በኃይል ወደ ውስጥ የሚሰረጎድ ከሆነ፣ ወይም ሲተነፍስ የሚያቃስት ከሆነ፣ ቁጥሩ ዝቅ ቢልም አደጋ ነው። የጨቅላ ደረት ለስላሳ ስለሆነ ትንሽ መሰርጎድ ያለ ነው፤ የምትፈልጊው ጥልቅና በግልጽ የሚታየውን ነው።

6. «ይጠባል?» አትበዪ፤ «እስቲ አጥቢው» በዪ

በዚህች አንዲት ቃል ሥራሽ ይለወጣል። አሁን ከጠባ አንድ ሰዓት ካልሆነው ጥቂት ጠብቂ፤ ቡና ከተፈላ ጠጪ። ከዚያ ስታጠባው 4 ደቂቃ ያህል ተቀምጠሽ እዪ።

አፉን በሰፊው ከፍቷል? የታችኛው ከንፈሩ ወደ ውጭ ተገልብጧል? አገጩ ጡቷን ነክቷል? የጡቷ ጥቁር ክፍል ከላይ በኩል ከታችኛው ይበልጥ ይታያል? አራቱም ካሉ በደንብ ይዟል። ሲውጥ ድምፁን ስሚ፤ ረዘም ረዘም እያደረገ ጠብቶ አረፍ ማለት አለበት። ካልያዘ አላቅቂው፤ ሰውነቱ ሁሉ ወደ እሷ ዞሮ፣ ራሱና ገላው ቀጥ ብሎ፣ ከሥር ተደግፎ እንደገና ይሞከር። ብዙ «ወተት የለኝም» የሚሉ እናቶች ችግራቸው አያያዙ ነው። የጡት ጫፍ ቁስልም ከዚያ ይመጣል።

ሞክረሽ ሞክረሽ ጭራሽ የማይጠባ፣ ወይም ይጠባ የነበረ ያቆመ ሕፃን ከሆነ ትምህርቱን ተይውና ወደ ተራ ቁጥር 10 ሂጂ።

ስለ እንገር የሚጠራጠሩ አያቶች አሉ፤ ቢጫ ነው፣ ያሳምማል፣ ይፍሰስ ይላሉ። እኔ ከበረታቸው ነው የምጀምረው። «እማማ፣ ላሚቱ ስትወልድ ጥጃውን ከእንገሩ ከከለከሉት ምን ይሆናል?» እላቸዋለሁ። «ይመነምናል እንጂ!» ይላሉ። ከዚያ በኋላ ብዙ መናገር አያስፈልግም። እናቲቱ በ24 ሰዓት ውስጥ ቢያንስ 8 ጊዜ፣ ሌሊትም ጭምር፣ ታጥባው፤ እስከ 6 ወር ውሃም አብሽም አያስፈልገውም።

7. ሙቀት፣ እትብት፣ ቢጫነት፣ ክብደት

ቴርሞሜትሩን ብብቱ ሥር አድርጊ። 37.5 ዲግሪና ከዚያ በላይ ትኩሳት ነው፤ ከ35.5 በታች አደገኛ ቅዝቃዜ ነው፤ ሁለቱም ሪፈር ናቸው። ከ35.5 እስከ 36.4 ከሆነ ገላው ከገላዋ ጋር ተገናኝቶ ለአንድ ሰዓት ይሙቅና እንደገና ለኪው፤ ካልተሻሻለ ሪፈር። ጋቢ መደራረብ የቀዘቀዘን ሕፃን እንደ እናት ገላ አያሞቅም። ገና ካልታጠበ 24 ሰዓት እስኪሞላው ገላውን እንዳያጥቡት ንገሪያቸው።

እትብቱን ግለጪ። ዙሪያው ቆዳው ቀልቷል? መግል አለው? ቅቤ፣ አመድ ወይም እበት ተቀብቶ ካገኘሽ ሳትቆጪ ምክንያቱን አስረጂና በንጽሕና እንዲደርቅ ይተዉት። ከጤና ጣቢያ ክሎርሄክሲዲን የተባለው የእትብት ቅባት ከተሰጣቸው እሱን ብቻ እንደታዘዘው ይቀቡ። እዚህ ላይ አደራ፦ ይህ ቅባት እንደ ዓይን ቅባቱ በቱቦ ይሰጣል፣ ዓይን ውስጥ ከገባ ግን ዓይን ይጎዳል። ቱቦውን አስወጪና «ይሄ ለምንድን ነው? የት ነው የሚቀባው?» ብለሽ እናቲቱ በጣቷ እንድታሳይሽ አድርጊ። ዓይን ከጠቆመች ዛሬ አንድ ሕፃን አድነሻል ማለት ነው።

ቢጫነት በኩራዝም በስልክ መብራትም አይታይም። ሕፃኑን ሸፋፍነሽ ለአንድ ደቂቃ ወደ በሩ ብርሃን አቅርቢው። መዳፉና የእግሩ ውስጥ ቢጫ ከሆነ፣ ወይም ገና 24 ሰዓት ሳይሞላው ቢጫ ከሆነ ሪፈር ነው።

ሚዛኑን ዜሮ ላይ አድርጊ፣ ልብሱን አስወልቂ፣ ለኪ። ጨቅላ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ትንሽ ይቀንሳል፤ አትደናገጪ፣ በ3ኛው ቀን የቀነሰው በ2ኛው ሳምንት ይመለሳል። ከ2,500 ግራም በታች የተወለደ ግን ለየት ያለ እንክብካቤ ይሻል፤ ከ1,500 ግራም በታች የሆነ ቤት አይቆይም። ትንሹን ሕፃን ኮፍያና ካልሲ አድርገሽ፣ ዳይፐር ወይም ጨርቅ ብቻ አስረሽለት፣ በሁለቱ ጡቶቿ መካከል ቀጥ አድርገሽ በነጠላ እሰሪላት። ስትደክም አባቱ ይያዘው፤ አያቱም ይችላሉ። አንድ አባወራ ሕፃኑን ደረቱ ላይ አስረንለት «ልቡ ይመታል፣ ልቡ ይመታል» እያለ የደነገጠውን አልረሳውም። ከዚያ በኋላ ማንም ሊቀበለው አልቻለም።

8. እናቲቱን ለብቻዋ አግኚያት

ሰው ሁሉ የመጣው ሕፃኑን ሊያይ ነው፤ እሷን ማንም አይጠይቃትም። «የደም ግፊቷን ልለካ ነው፣ ለአፍታ ተዉን» ብለሽ ክፍሉን አስለቅቂ።

«ደም ይፈስሻል?» ብትያት «ያው እንደ ሁሉም» ትልሻለች። «ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ ስንት ጨርቅ ቀየርሽ? እስቲ የመጨረሻውን አሳዪኝ» በያት። ቶሎ ቶሎ የሚርስ፣ መጥፎ ሽታ ያለው፣ ትኩሳት፣ ከባድ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ የአንድ እግር ባት ማበጥና ማመም፣ ሁሉም ሪፈር ናቸው። ግፊቷ 140/90 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ «ከወለደች አለፈ» አትበዪ፤ ከወሊድ በኋላም ማንቀጥቀጥ ይመጣል።

እንቅልፏንና ልቧንም ጠይቂ። ሕፃኑን ማየት የማትፈልግ፣ ያለ ምክንያት የምታለቅስ፣ «ባልኖር ይሻል ነበር» የምትል እናት ከገጠመችሽ አራስነት ነው ብለሽ አትለፊያት፤ ብቻዋን እንዳትሆን አድርገሽ ያንኑ ቀን ለጤና ጣቢያ አሳውቂ። አይረኗን እየዋጠች መሆኗን ከእሽጉ ላይ ቆጥሪ። ከወትሮው ሁለት ተጨማሪ ማዕድ ያስፈልጋታል። ስለ ቤተሰብ ዕቅድ ዛሬ በአጭሩ አንሺ፦ ጡት ማጥባት እርግዝናን የሚከላከለው ጡት ብቻ ሲሰጥ፣ ሕፃኑ 6 ወር ሳይሞላው፣ የወር አበባዋም ሳይመለስ ነው። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ አይሠራም።

9. ቅቤው

ብዙ ቤት ሕፃኑ ገና በመጀመሪያው ቀን ቅቤ ይውጣል። አንጀቱን ያለሰልሳል፣ ድምፁን ያሳምራል ይባላል። «ይህ ጎጂ ልማድ ነው» ብለሽ ከጀመርሽ አያቱ ራሳቸውን ይነቀንቁልሻል፣ ከወጣሽ በኋላ ያስውጡታል። ቅቤው የፍቅር ነው፤ ከቤቱ ምርጡ ነገር ነው የወጣለት። ስለዚህ ቦታውን ቀይሪለት፦ «እማማ፣ ቅቤውን ገንፎው ላይ ጨምሩላት። እሷ ትብላው፣ እሱ ከጡቷ ይጠባዋል።» ቅቤው ሳይባክን፣ እሳቸውም ሳይዋረዱ፣ ሕፃኑም ሳያንቀው ነገሩ ያልቃል። እንጥል ስለ ማስቆረጥም ልጁ ሳል ከጀመረው በኋላ ሳይሆን ዛሬ አንሺው፤ ቆራጩ ከተጠራ በኋላ ማስቆም ከባድ ነው።

ከመነሳትሽ በፊት ጥግ የቆመውን ታላቅየውንም አትርሺ። እናቱ ከወለደች ወዲህ ጡት የተነጠቀው እሱ ነው። ከ6 እስከ 59 ወር ከሆነ የግራ ክንዱን መሐል ለኪው፤ ከ11.5 ሴንቲሜትር በታች ከባድ የምግብ እጥረት ነው፤ ከ11.5 እስከ 12.5 ያልደረሰ መካከለኛ ነው። ሁለቱን የእግሩን ጀርባዎች በአውራ ጣቶችሽ 3 ሰከንድ ተጫኚ፤ በሁለቱም ላይ ጉድጓድ ከቀረ እብጠት ነው።

10. ሪፈር ማለት ወረቀት መስጠት አይደለም

የማይጠባ፣ ያንቀጠቀጠው፣ ትንፋሹ የፈጠነ ወይም ደረቱ የሚሰረጎድ፣ ያተኮሰው ወይም የቀዘቀዘ፣ ካልነኩት የማይንቀሳቀስ ጨቅላ ዛሬውኑ መሄድ አለበት። ቻርት ቡክሌቱን እፊታቸው ግለጪ፤ አታፍሪ፣ ሐኪምም መጽሐፍ ያያል። የቅድመ ሪፈር መድኃኒቱን በክብደቱ ልክ ስጪ። ከዚያ እንዲህ አድርጊ፦

በመጀመሪያ ማን እንደሚወስን እወቂና ባልየውንም አያቱንም አንድ ላይ አስቀምጠሽ ተናገሪ። «አራስ ሳትጠመቅ ከቤት አትወጣም» ይመጣል። አትከራከሪ፤ «ብረት ትያዝ፣ ተሸፋፍና ትውጣ፣ አብሬ እወጣለሁ» በዪ። ጠበል እንውሰደው ካሉም ጠበሉ ከሕክምናው በኋላም እንደሚደርስ ንገሪያቸው። ሕመሙ እንደማይጠብቅ አንዴ በግልጽ ተናገሪ፣ ከዚያ በኋላ ስለ መንገዱ ብቻ አውሪ፦ አምቡላንስ ይደወል፣ አምቡላንስ የማይገባበት ከሆነ ቃሬዛ የሚይዙ ጎረምሶች ይጠሩ፣ ገንዘብ ከሌለ የእድሩን ዳኛ ራስሽ ሄደሽ አናግሪ።

ሕፃኑ በመንገድ ላይ ገላው ከገላዋ ሳይለይ፣ መጥባት ከቻለ እየጠባ ይሂድ። ጤና ጣቢያ ደውለሽ የሰጠሽውን መድኃኒትና ሰዓቱን ተናገሪ። በማግስቱ ደግሞ ደውዪ ወይም ሂጂ። አልሄዱም ማለት የተለመደ ነው፤ ያን ጊዜ ነው ያንቺ መመለስ ልጁን የሚያድነው። ጨርሰው እንቢ ካሉ ወይም መንገዱ ከተዘጋ፣ ቤት ውስጥ የሚሰጠውን የ7 ቀን ሕክምና በሠለጠንሽው መሠረት ከጤና ጣቢያ ጋር እየተነጋገርሽ ጀምሪ፣ አንድም ቀን አታቋርጪ።

11. ማህደሩን እዚያው ጻፊ

የቤተሰብ ማህደሩን ወይም ታብሌቱን ከቤቱ ሳትወጪ ሙዪ። «ደህና» የሚል ቃል አትጻፊ፤ 48፣ 36.8፣ 2,900 እያልሽ ቁጥሩን ጻፊ። የቀጣዩን ቀን ከእነሱ በዓል ጋር አያይዘሽ ንገሪያቸው፦ «ከነገ ወዲያ፣ በሚካኤል ማግስት እመጣለሁ።» በ6ኛው ሳምንት ስትመለሺ የፔንታቫለንት፣ የፒሲቪ፣ የሮታና የፖሊዮ ክትባት ይጀምራል፤ የቢሲጂ (የሳምባ ነቀርሳ ክትባት) ጠባሳውን ክንዱ ላይ ፈልጊ።

ለነርሶችና ለአዋላጆች፣ ኬላ ስትደግፉ

ብዙ ጊዜ ድጋፋዊ ክትትል ማለት መዝገብ ማገላበጥ ሆኗል። ረድፉ ከሞላ ጥሩ፣ ካልሞላ ተግሣጽ። የእኔ ያ 54 በመዝገብ ላይ ትክክል ነበር፤ ማንም አልጠየቀኝም። ስለዚህ በመጣችሁ ቁጥር ቢያንስ አንድ አራስ ቤት አብራችሁ ሂዱ። እዚያም ሁለታችሁ የአንዱን ሕፃን ትንፋሽ በአንድ ጊዜ፣ ዝም ብላችሁ፣ ለሙሉ ደቂቃ ቁጠሩና ያገኛችሁትን ሳትነጋገሩ በየወረቀታችሁ ጻፉ። ከዚያ አወዳድሩ። ልዩነቱ ሰፊ ከሆነ ማን እንደተሳሳተ አትፈልጉ፤ እንደገና ቁጠሩ፣ እንደገና ጻፉ፣ እስኪቀራረብ ድረስ። እሷን ከቤተሰቡ ፊት አታርሟት፤ የምትሉት ካላችሁ መንገድ ላይ በሉት። ነገ ብቻዋን የምትመለሰው እሷ ናትና።

ሁለታችሁ ኬላ ላይ ያላችሁ እህቶቼም ይህንኑ በመካከላችሁ አድርጉ፤ የጎረቤት ሕፃን ሲተኛ ተለማመዱበት። አንዳችሁ ፈቃድ ስትወጡ ወይም ለስብሰባ ወረዳ ስትጠሩ ደግሞ፣ የአራሶቹን ስም፣ ጎጥና የ3ኛና የ7ኛ ቀናቸውን በወረቀት ጽፋችሁ ለሌላዋ በእጅ ሳትሰጡ አትሂዱ።